አስጨርሳት

ሥራውን ያስያዘኝ ኩመላ ነው፣ ቆጪ፣
ከቆርቆሮው በታች፣ ዝናብ ሲወርድ ውጪ።
«ስማኝ» አለኝ፣ «ስማ፣ ይህን ያዝልኝ ጥብቅ፣
አንድ ድምፅ ሁለቴ ተከትሎ አይዝለቅ።
የሚወዱት ዘፋኝ ቢሆን የቱን ያህል፣
ደግመህ ካቀረብከው ጆሮ እንደ ሆድ ይጠግባል፤
የጠገበ እንግዳ ጫማውን ይፈልጋል።»

እኔም ያዝኩት ሕጉን፣ ያዝኩት እንደ ማተብ፣
በሠርግ፣ በምርቃት፣ በተማሪ ክበብ፤
አንዱን ከኦሮምኛ፣ አንዱን ከጉራጊኛ፣
አንዱን ከዳውሮኛ፣ አንዱን ከአማርኛ፣
እንደ ማር ሻጭ ሚዛን፣ ሳላጋድል ወደኛ።
የሙሽራው ወገን ሲጨፍር፣ የሙሽሪት ወገን ሲያርፍ፣
ዳኛ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር፣ ዘፈን የማስቆም በሰልፍ።

ዙበይዳ የምትባል ዘፋኝ ነበረች፣ የዱሮ፣
አንድ ካሴት ብቻ አውጥታ የጠፋች ከሁሉ ጆሮ።
«ጃንጥላህን ረስተሃል፤ ልላክልህ? ወይስ ትመጣለህ?»
ስትልህ፣ በርጩማም ብትሆን ትወዘወዛለህ።
እዚያ ላይ ስትደርስ ነው እኔ አፏን የምይዛት፣
በሌላ ሰው ከበሮ፣ በሌላ ሰው ጉሮሮ የማፍናት።
አሥራ አንድ ዓመት በር ላይ፣ ጃንጥላውን እንደያዘች፣
መልሷን ማንም ሳይሰማ፣ ጠያቂ ሆና አረጀች።

አምና በግንቦት፣ ፈረንጅ አራዳ፣ የሸምሲያ ልጅ ሠርግ ላይ፣
ጄኔሬተሩ እያሳለ፣ ሳይታይ ጭቃና ሰማይ፣
አንድ ሽማግሌ መጡ፣ ሰጋቱራ በኮታቸው ላይ።
አባ ፊጣ ይሏቸዋል፤ ካንድ ግንድ በርጩማ ፈልፋይ፣
ሦስት እግር ይበቃል፣ አራተኛው ትርፍ ነው ባይ።

ዙበይዳ እየጠየቀች ነበር። ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር።
«ልጄ» አሉኝ ጎንበስ ብለው፣
«ስታቋርጣት ስንቴ ሰማሁህ፣ በየድንኳኑ፣ በየሠርጉ፤
ግዴለም፣ ሙያ ነው፣ አላችሁ የራሳችሁ ወጉ።
ግን ሴትየዋ ተናግራ አልጨረሰችም።
አስጨርሳት።
ቀጣዩን ታውቀዋለህ?»

ፍላሼ ውስጥ ነበረ። ከፍቼው አላውቅም።

ለቀቅኩት።
ያው ድምፅ። ያው ክራር። ያው ትንፋሽ፣ ከቃል በፊት።
የሙሽራው ወንድም ከሩቅ እጁን አወናጨፈ፣ አጠቆረ ፊት።
ልጃገረዶቹ ተቀመጡ፤ ጫማቸውን አወለቁ፤
ሁለቱ ሚዜዎች ዳር ይዘው ስልካቸውን እያዩ ሳቁ፤
ኩመላ እንዳለው ሆነ። ሰው ጠገበ።
እሷ ግን ቀጠለች፦
«ዝናቡ አባርቷል፤ ጃንጥላህን ሸጥኩት፣
ላላፊ አግዳሚ፣ ባሥራ አምስት ብር፣ ዋጋ አልተከራከርኩት፤
በብሩ ጨው ገዛሁበት።»

አሥራ አንድ ዓመት የጅማ ሰው ያዘነላት ሴት
አልጠበቀችም ለካ። ወጧን ጨው ጨምራ፣ በልታ፣
ተኝታለች በሯን ዘግታ።

አባ ፊጣ ሳቁ። ብቻቸውን፣ በባዶው ሜዳ መሃል።
«ገዢው እኔ ነኝ» አሉ። ቀልድ ይሁን እውነት፣ ማን ያውቃል?
ሲወጡ ይዘንብ ነበር። ጃንጥላ ይዘው እንደሁ አላየሁም፤
ሠርጉን የሚያስነሳ ጭፈራ ፍለጋ አቀርቅሬ፣ ቀና አላልኩም።

ሁለት መቶ ብር ተቆረጠብኝ። በነጋታው ኩመላ ሰማ፤
«አንዲትን ሴት ሁለቴ? በሸምሲያ ልጅ ሠርግ? በዚህ ከተማ?»
ምን እመልሳለሁ? ሕጉ ልክ ነው። ዛሬም እጠብቀዋለሁ፤
አንዱን ካንዱ አፈራርቄ ሰው አስጨፍሬ አድራለሁ።

ብቻ አዌቱን ተሻግሬ፣ ሌሊት፣ እቤቴ ስገባ፣
ኮቴ ሳይደርቅ፣ መብራት ሳላበራ፣
ጥያቄዋን ከነመልሷ አሰማታለሁ፣ ለራሴ፣
ጎረቤቴ ግድግዳውን እስኪመታ።

በሁለት እግር በርጩማ አይቆምም።
ሦስተኛ ዘፈን አለ፣ ከሱ ቀጥሎ።
እስካሁን አልከፈትኩትም።